መድረኩ ሲወሰድ የቀረው ህብረት፦ የመሠረተ ክርስቶስ ወጣቶች ከናዝሬት እስከ ቤት ለቤት

ወጣቶች ህብረት ውስጥ ያገለገለ ሰው ይህን ነገር ያውቀዋል። አዳራሹ ሞልቷል፣ ዝማሬው ደምቋል፣ እጆች ተነስተዋል፣ የሚያለቅስም አለ። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ከፊት ይቀመጥ የነበረው ልጅ የለም። የት ገባ ብሎ የሚጠይቅም የለም። ስንት እሁድ ከጎኑ ቆሞ የዘመረው ሰው ስሙን አያውቀውም፣ ስልኩም የለውም። ይሄ ለእኔ ትንሽ ጉዳይ አይደለም። አንድ ወጣት «ይሄ ህብረት የእኔ ነው» የሚለው ከምን ተነስቶ ነው? መዝሙሩ ስለነካው ነው? ሰባኪው ጎበዝ ስለሆነ ነው? ወይስ እኛ ትኩረት የማንሰጠው ሌላ ነገር አለ?

ለዚህ ጥያቄ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እዚሁ አገራችን ውስጥ የሆነ፣ በደንብ ሊጠና የሚገባው አንድ ጉዳይ አለ። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በጥር 1974 ዓ.ም በደርግ ስትዘጋ 14 አጥቢያዎችና ወደ 5,000 የሚጠጉ አባላት ነበሯት። በ1983 ዓ.ም ደርግ ወድቆ እንደገና በአደባባይ ስትሰበሰብ የአባላቷ ቁጥር ወደ 34,000 ደርሶ ተገኘ። በመካከል ያሉትን ዓመታት አስቧቸው። አዳራሽ የለም። መድረክ የለም። ድምፅ ማጉያ የለም። ነጠላ አጣፍቶ ወይም ጋውን ለብሶ የሚቆም ኳየር የለም። ዛሬ እኛ ወጣት ይስባል ብለን ገንዘብ የምናወጣበት ነገር ሁሉ አልነበረም፣ ወጣቱ ግን መጣ፣ መጥቶም ቀረ።

(ዓመታቱን በሙሉ የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው።)

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የስደት ታሪክ ሆኖ ነው። ልክም ነው፣ የስደት ታሪክ ነው። እኔ ግን እዚህ የምከተለው አንድ ክር ብቻ ነው፦ እነዚያን ልጆች እርስ በርስ ያሰራቸው ምንድን ነው?

እንግሊዝኛ ሊማሩ የመጡት

ነገሩ የሚጀምረው ከደርግ በፊት ነው። ሜኖናይት የሚባሉት ፕሮቴስታንት ክርስቲያኖች ከአሜሪካ ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ በ1930ዎቹ መጨረሻ፣ ለእርዳታ ሥራ ነው። ናዝሬት፣ የዛሬዋ አዳማ፣ ሆስፒታል ከፈቱ። የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አማኞች በ1943 ዓ.ም ተጠመቁ። በ1951 ዓ.ም ጉባኤዋ መሠረተ ክርስቶስ የሚለውን ስም ያዘች፤ ስሙ የተወሰደው ከ1ኛ ቆሮንቶስ 3፥11 ነው። በዚያው ጊዜ ናዝሬት ላይ ባይብል አካዳሚ የሚባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥራ ጀመረ። እስከዚህ ድረስ የተለመደ የሚሲዮን ታሪክ ነው። ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤት፣ ትንሽ ጉባኤ። አምልኮውም ጸጥ ያለ ነበር፤ ሜኖናይቶች በባህላቸው እልልታና ጭብጨባ የለመዱ ሰዎች አይደሉም።

ከዚያ በ1950ዎቹ አጋማሽ አካባቢ ናዝሬት የሚማሩ ተማሪዎች አንድ ሚሲዮናዊ ዘንድ ሄደው እንግሊዝኛ አስተምረን አሉት። ያኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፣ እንግሊዝኛ ያልገባው ልጅ ማትሪክ ላይ ይወድቃል። ሰውየው እሺ አላቸውና የዮሐንስን ወንጌል መማሪያ አድርጎ ጀመረላቸው። ልጆቹ የመጡት ሃይማኖት ፍለጋ አይደለም። ቆይተው ግን ለእንግሊዝኛው ሳይሆን ለመጽሐፉ መሰብሰብ ጀመሩ። ጸሎት ተጨመረ። ጸሎቱ ረዘመ፣ ሌሊቱን ሙሉ ማደር መጣ፣ በልሳን መናገር መጣ፣ ያስተማራቸው ሚሲዮናዊም ሆነ የናዝሬት ጉባኤ ያልለመደው ዓይነት ዝማሬ መጣ። ቡድኑ ሰማይ ብርሃን ተባለ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማየት ያለብን ነገር አለ። ሰማይ ብርሃንን የመሩት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። ማንም «የወጣቶች አገልግሎት ክፍል» አላቋቋመላቸውም። በቋሚነት የተመደበ መሪ አልነበራቸውም። ጸሎት የሚመራው ትናንት ጌታን የተቀበለ የአሥረኛ ክፍል ልጅ ሊሆን ይችላል፣ ቅዳሜና እሁድ ወደ አጎራባች ከተማ ወንጌል ይዞ የሚሄደውም እሱ ነው። ይህ አደጋ የለውም ማለት አይደለም። የበሰለ ሰው ሳይኖር ወጣት ብቻውን የሚመራው ነገር ስንት ጊዜ እንደሚስት እናውቃለን፤ በዚያን ጊዜም ሽማግሌዎች የሰጉት በከንቱ አልነበረም። ግን አንድ ነገር እውነት ነው። ሥራ የተሰጠው ልጅ እንግዳ ሆኖ አይቀርም። ልጁ የመጣው ሊያይ ሳይሆን ሊሠራ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ሳምንት መቅረቱ ራሱን ይረብሸዋል።

ሁለተኛው ነገር ናዝሬት ራሷ ናት። ከተማዋ የጅቡቲ ባቡር መስመር ላይ ያለች፣ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ አጠገቧ ያለ፣ ሰው ከየአቅጣጫው የሚገባባት ከተማ ነበረች። በዚያን ዘመን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በየወረዳው የለም። ስለዚህ ለትምህርት ከቤቱ ወጥቶ፣ ክፍል ተከራይቶ ወይም ዘመድ ቤት ተጠግቶ የሚኖር ልጅ ብዙ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ማታ የሚሄድበት ሲያገኝ፣ ስሙን የሚያውቅ፣ ሲታመም የሚመጣ፣ ስንቁ ሲያልቅ የሚያካፍለው ጓደኛ ሲያገኝ ምን እንደሚሰማው ለመገመት አይከብድም። እኔ እንደማየው የሰማይ ብርሃን ግማሹ ጉልበት ከዚህ ነው። ሌላውን ግማሽ ያመጣው መንፈስ ቅዱስ ነው ብዬ አምናለሁ፣ ይህንንም ሳላፍር እጽፋለሁ።

ናዝሬት ብቻዋን አልነበረችም። ሐረርና ሐዋሳ ላይ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲም እንዲሁ ዓይነት የተማሪ ህብረቶች በየፊናቸው ተነስተው ነበር። ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ተያይዘው በ1959 ዓ.ም ሙሉ ወንጌል ቤተ ክርስቲያንን መሠረቱ። ለመንግሥት አመለከቱ፣ አልተፈቀደላቸውም። በ1964 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ ለአምልኮ በተሰበሰቡበት 250 ያህል ሰዎች ታሰሩ። አብዛኞቹ ወጣቶች ነበሩ። ሰማይ ብርሃንም በራሱ ቆሞ መቀጠል ስላልቻለ በኋላ ወደ መሠረተ ክርስቶስ ተጠቃለለ። ይህ መጠቃለል ለሁለቱም ወገን ቀላል አልነበረም። ጸጥ ብሎ የሚዘምር የሜኖናይት ጉባኤና ሌሊቱን ሙሉ የሚጸልይ ተማሪ አንድ ቤት ገቡ። የመሠረተ ክርስቶስ ሽማግሌዎች በሩን ባይከፍቱላቸው ኖሮ ከዚህ በታች የምነግራችሁ ነገር አይኖርም ነበር። ዛሬ በወጣቶች አምልኮ ስልት ላይ ስንከራከር ይህን ብናስታውስ ደስ ይለኛል፤ እነዚያ አባቶች ዝማሬውን ወደውት አይደለም የተቀበሉት፣ ልጆቹን ነው የተቀበሉት።

ከእድር የወጣ ሰው

ስለ ህብረት ስናወራ የምንዘለው ነገር ቢኖር ይሄ ነው። በእኛ አገር ማንም ሰው ብቻውን አይኖርም። እድር አለ፣ ማኅበር አለ፣ ጽዋ አለ፣ ክርስትና ልጅ አለ፣ ሠርግና ለቅሶ አለ። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክለው እድር ነው። በዚያን ዘመን «ጴንጤ ሆነ» የተባለ ልጅ ከዚህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይወጣ ነበር። ጴንጤ የሚለው ቃል ራሱ ያኔ ስድብ ነው። ከቤት የተባረረ አለ። አባት የረገመው፣ እናት ማቅ ለብሳ ያለቀሰችለት አለ። የአንዳንዶቹን ቤተሰብ እድር አሰናብቶታል። ከሁሉም የከበደው የመቃብር ጉዳይ ነው። ሰው ሲሞትባቸው የሚቀብሩበት አጥተው አስከሬን ይዘው የተንከራተቱ አማኞች ታሪክ በብዙ የኢትዮጵያ ከተሞች ይነገራል።

ስለዚህ ለእነዚህ ወጣቶች ህብረት ማለት እሁድ የሚሄዱበት ቦታ አልነበረም። የሚቀብራቸው ሰው ነበር። ሲያገቡ ሚዜ የሚሆናቸው፣ ሲወልዱ ገንፎ የሚያገነፋላቸው፣ ሲታሰሩ ስንቅ የሚያመላልስላቸው ነበር። «ወንድሜ» እና «እህቴ» መባባሉ የልማድ ሰላምታ ያልነበረው ለዚህ ነው። በእውነት ሌላ ወንድም ያልቀረው ልጅ ነበር እንዲያ የሚባለው። ዛሬ የምንዘምራቸው ብዙዎቹ አሮጌ መዝሙሮች ስለ ብቸኝነትና ስለ ጌታ ወዳጅነት የሚያወሩት ያለ ምክንያት አይደለም። በደብተር በእጅ እየተገለበጡ፣ በኋላም በካሴት እየተባዙ ከከተማ ከተማ የዞሩ መዝሙሮች ናቸው። የመዝሙር ደብተር ያለው ልጅ ያኔ ሀብታም ነው።

ይህን የምለው ዛሬም ወጣቱ ከቤተሰቡ ይጣላ ለማለት አይደለም፣ እግዚአብሔር ይጠብቀን። ግን አንድ ጥያቄ ያስነሳል። ዛሬ ህብረታችን ውስጥ ያለ አንድ ልጅ እናቱ ብትሞትበት ከህብረቱ ስንት ሰው ነው ሳይጠራ የሚመጣው? ሦስት ቀን አብሮት የሚያድረው ማነው? አዳራሹ ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ ከመቁጠር ይህን መቁጠር ይበልጥ ይነግረናል።

ሁሉም ሰው የሆነ ማኅበር አባል በነበረበት ጊዜ

በ1966 ዓ.ም አብዮቱ ሲመጣ ለጥቂት ጊዜ ነፃነት ያለ መስሎ ነበር። የመንግሥት ሃይማኖት የሚባለው ቀረ፣ ታስረው የነበሩ ህብረቶች ወጥተው ዘመሩ፣ የወጣት ኳየሮች በዙ። ብዙ አልቆየም። ቀይ ሽብር መጣ። ሙሉ ወንጌል ተዘጋች፣ ወጣቶቿም ወደ መካነ ኢየሱስና ወደ መሠረተ ክርስቶስ ፈሰሱ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። ቦሌ ያለው የመሠረተ ክርስቶስ አጥቢያ እሁድ እሁድ ሰው እያጨናነቀው ሄደ፣ አብዛኛው ደግሞ ወጣት ነው። ካድሬዎቹን ያስቆጣቸውም ይሄው ነው። አብዮቱ ወጣቱን ለራሱ ይፈልገው ነበር።

በዚያ ጊዜ ሰው ሁሉ የሆነ ነገር አባል ነበር። ቀበሌ አለ፣ የወጣቶች ማኅበር አኢወማ አለ፣ የሴቶቹ አለ፣ ገጠር የገበሬ ማኅበር አለ፣ የውይይት ክበብ አለ። ብዙ ጊዜ ስብሰባው ሆን ተብሎ እሁድ ጠዋት ይደረግ ነበር። ስም ይጠራል፣ የቀረ ይጠየቃል። ግራ እጅ ጨብጦ አንስቶ መፈክር ማሰማት ግዴታ ነው፤ «ከአብዮቱ በላይ ምንም የለም» የሚባልበት ጊዜ ነበር፣ እምቢ ብለው የታሰሩና የተገረፉ አማኞች ብዙ ናቸው። እንግዲህ አስቡት። አንድ የ19 ዓመት ልጅ ሳምንቱን ሙሉ ሳይወድ ይሰበሰባል፣ የማያምንበትን ይጮሃል፣ አጠገቡ የተቀመጠው ማን እንደሆነ ስለማያውቅ የልቡን አያወራም። ቀይ ሽብር ያስተማረው አንድ ነገር ቢኖር ጓደኛን አለማመን ነው። ከዚያ ማታ ወደ አንዲት ትንሽ ክፍል ይገባል። እዚያ ማንም አላስገደደውም። መሄዱ ሊያሳስረው ይችላል፣ ሄዷል። ያሉት ሰዎችም እንደዚያው መርጠው ነው የመጡት። የልቡን ይናገራል፣ ያለቅሳል፣ ይጸልዩለታል።

የደርግ ሰዎች ይህን የተረዱት አይመስለኝም። ሕንፃውን ከወሰዱ፣ ሒሳቡን ካገዱ፣ መሪዎቹን ካሰሩ ነገሩ የሚያልቅ መስሏቸዋል። በጥር 1974 ዓ.ም ያደረጉት ልክ ይህንን ነው። የቦሌው ቤተ ክርስቲያን ተወሰደ፣ ንብረት ተወረሰ፣ የባንክ ገንዘብ ታገደ፣ መሪዎች ታሰሩ። አንዳንዶቹ ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ ከአራት ዓመት በላይ ታስረዋል።

ከአምስት እስከ ሰባት ሰው

ከዚህ በኋላ ያለው ለእኔ የጉዳዩ ልብ ነው።

አማኞቹ ወደ ቤት ገቡ። ቡድኖቹ ትንንሽ ነበሩ፤ ከአምስት እስከ ሰባት ሰው አካባቢ። ሰው ሲጨምር ቡድኑ ለሁለት ይከፈላል። ሲመጡ አንድ በአንድ፣ ሲወጡም አንድ በአንድ። ሰዓቱም ቦታውም ይቀያየራል። መዝሙር ካለ በሹክሹክታ ነው፤ ለጭብጨባ የለመደ እጅ ጭን ላይ ተቀምጦ ይዘምራል። ሰፋ ያለ መሰብሰብ ሲያስፈልግ ሠርግ፣ ልደትና ለቅሶ ምክንያት ይሆናሉ፤ ሰው ሠርግ ቤት ቢበዛ የሚገርመው ጎረቤት የለም። ሴቶች ከወንዶች ይልቅ ሳይጠረጠሩ ቤት ለቤት መግባትና መውጣት ይችሉ ስለነበር ብዙውን ሥራ ተሸከሙ። አስተማሩ፣ አዲስ አማኞችን ተከታተሉ፣ መልእክት አደረሱ፣ ቡድን መሩ። መባ በየቤቱ ይሰበሰብ ነበር፤ የታሰሩ ሰዎች ቤተሰብና በስውር የሚያገለግሉ ሰዎች በእሱ ይረዱ ነበር።

አሁን ይህን በወጣት ዓይን እንየው። አዳራሽ ውስጥ 600 ሰው ካለ የእኔ መቅረት አይታወቅም። ስድስት ሰው ካለ ግን እኔ ከቀረሁ ሌሎቹ ደንግጠው ያድራሉ። ታሰረ ይሆን? ታመመ? ማታውኑ አንድ ሰው ቤቴ ድረስ ይመጣል። ይህ ዓይነት መፈለግ ለአንድ ወጣት ከማንኛውም ዝማሬ በላይ ይናገራል። ዛሬ «ክትትል» ብለን ቅጽ አሙልተን ስልክ ሰብስበን የምንሞክረውን ነገር እነሱ ያለ ቅጽ ያደርጉት ነበር፣ ምክንያቱም መቅረት በእነሱ ዘንድ ቁጥር ሳይሆን የአንድ የሚያውቁት ሰው ጉዳይ ነው።

ደግሞ ስድስት ሰው ሲሆኑ ተመልካች የሚባል ነገር የለም። አንዱ ቃል ያካፍላል፣ አንዷ መዝሙር ታስጀምራለች፣ አንዱ ደጁን ያያል፣ የቤቱ ባለቤት ቤቱን ሰጥቷል፤ ቤቱን መስጠቱ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው፣ ቢያዝ ቤቱ ይወረሳልና። በሚቀጥለው ሳምንት ተራው ይዞራል። መናገር የማይችል የሚመስለው ዓይን አፋር ልጅ ሳይወድ በግዱ ይናገራል፣ ምክንያቱም ሌላ ሰው የለም። ቡድኑ ሲከፈል ደግሞ ይኸው ልጅ የአዲሱ ቡድን መሪ ይሆናል። ትልቅ አዳራሽ ውስጥ መሪ እስኪሆን አሥር ዓመት ይጠብቅ ነበር፣ ምናልባትም ጨርሶ ማንም አያየውም ነበር። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ያ ሁሉ ሰው የተጨመረው በአንድ ጎበዝ ሰባኪ አይደለም። በብዙ መቶ ስማቸው በማይታወቅ ልጆችና እናቶች ነው።

በግልጽ የማይነገር አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ህብረት በሩ ለማንም ክፍት አልነበረም። ሊሆንም አይችልም። አዲስ ሰው መጀመሪያ ከአንድ አማኝ ጋር ብቻ ይገናኛል፣ ከእሱ ጋር ይማራል፣ ታምኖ ሲታይ ነው ወደ ቡድን የሚገባው። ስለዚህ የገባ ሰው የመጀመሪያ ወዳጁን አግኝቶ ነው የሚገባው። እኛ አሁን በተቃራኒው ነው የምንሠራው። መጀመሪያ ብዙ ሕዝብ ውስጥ እናስገባዋለን፣ ወዳጅ እንዲያገኝ ደግሞ ለዕድሉ እንተወዋለን። ዘመኑ የፈቀደልን በር መክፈትን ነው፣ ለዚህም ጌታ ይመስገን። ቅደም ተከተሉን ግን ማሰብ ይቻላል።

ያስከፈለውም ነገር አለ

ይህን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች ሲሞቃቸው «እንደዚያ ዘመን ቢሆን» ይላሉ። እኔ እንደዚያ አልልም። ሰው ታስሯል፣ ተገርፏል፣ ትምህርቱን አጥቷል፣ ከሥራ ተባሯል። ልጆች አባታቸው እስር ቤት እያለ አድገዋል። ሁሉም አልጸናም፤ ፈርቶ የቀረም አለ፣ በዚያ ዘመን ፈርቶ የቀረን ሰው መውቀስ የእኔ ሥራ አይደለም። መጠርጠርም ሥር ይሰዳል። ለዓመታት «ይሄ ሰው ማን ልኮት ይሆን?» እያለ የኖረ ልብ ነፃነት ሲመጣ በአንድ ቀን አይፈታም። ቡድን ሲከፈልም ከወዳጅ መለየት አለ፤ በየጥቂት ወሩ ከሚወዱት ሰው መለየት ለወጣት ልብ ከባድ ነው፣ ከነፃነት በኋላ እስኪገናኙ ድረስ የቀድሞ የቡድን ጓደኞቻቸው የት እንደደረሱ ያላወቁ ነበሩ።

ቁጥሩንም በጥንቃቄ ማየት ይገባል። ከ5,000 ወደ 34,000 የሄደው ሁሉ በቤት ለቤት ስልት ብቻ ነው ብዬ አላምንም። አገሩ ተስፋ ቆርጦ ነበር። ቀይ ሽብር አልፏል፣ የ1977ቱ ድርቅ መጥቷል፣ ጦርነቱ ልጅ እየበላ ነው። ሰው የሚይዘው ነገር ይፈልግ ነበር። ሌሎች የተዘጉ ህብረቶች አማኞችም ተጠግተዋል። የቤት ቡድኖቹ የሠሩት ሥራ የመጣውን ሰው መያዝ ነው። ይሄ ደግሞ ትንሽ አይደለም፣ እኛ ዛሬ የሚያቅተን በትክክል ይሄ ስለሆነ።

አዳራሹ ሲመለስ

በ1983 ዓ.ም አማኞቹ ወጡ። እነዚያ ስድስት ስድስት ሆነው በሹክሹክታ የዘመሩ ሰዎች በሺህ ሆነው ሲዘምሩ መጀመሪያ ምን ያህል እንደሆኑ እንኳ አያውቁም ነበር። ብዙዎቹ አይተዋወቁም። «አንተም?» መባባል ነበር፤ ለዓመታት የአንድ መሥሪያ ቤት ባልደረባ ሆነው ሳለ አንዱ የሌላውን እምነት ሳያውቅ የኖረ ነበር። ያንን ደስታ ማንም ሊያጣጥል አይችልም። ድምፅ አውጥቶ መዘመር የሰው ተፈጥሮ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው የተደባለቀ ነው። ሕንፃዎች ቀስ በቀስ ተመለሱ፣ አዳዲስ ተሠሩ፣ ቢሾፍቱ ላይ ኮሌጅ ተከፈተ። ዛሬ መሠረተ ክርስቶስ በዓለም የሜኖናይት ኮንፈረንስ ካሉት አባል ቤተ ክርስቲያናት በአባላት ብዛት የመጀመሪያዋ ናት። ወንጌላውያን በአጠቃላይም በዙ፤ በ1987ቱ ቆጠራ ከሕዝቡ 10 በመቶ ገደማ የነበሩት ፕሮቴስታንቶች በ1999ኙ ቆጠራ 18.6 በመቶ ሆነዋል። ጴንጤ የሚለው ቃል መናደፉ እየለዘበ ሄዶ ብዙዎች ራሳቸውን የሚጠሩበት ሆነ።

ህብረቱ ግን ተለወጠ። ሰው ሲበዛ መድረክ ይመጣል፣ መድረክ ሲመጣ የሚሠራና የሚያይ ይለያል። ዘማሪ ሙያ ሆነ። ኪቦርድ፣ ድራም፣ መብራት፣ ስክሪን መጣ። እኔ በእነዚህ ላይ ጥላቻ የለኝም፤ ጥሩ ድምፅ ያለው አምልኮ ነፍሴን ያነሳታል፣ ጎበዝ የአምልኮ መሪም የጌታ ስጦታ ነው። ችግሩ ወጣቱ አምልኮ ማለት ይህ ብቻ መስሎት ሲያድግ ነው። ኮንፈረንስ ከኮንፈረንስ የሚዞር፣ ሁሉንም ዘማሪ የሚያውቅ፣ እሱን ግን ማንም የማያውቀው ትውልድ አለን። በስልኩ መቶ የአምልኮ ቪዲዮ አለ። ሲጨንቀው የሚደውልለት ሰው የለውም።

መሠረተ ክርስቶስ የቤት ህብረትን ነፃነት ሲመጣ አልጣለችውም። እስከ ዛሬ በየአጥቢያው የቤት ለቤት ህብረት አለ፣ ሌሎቹም አብያተ ክርስቲያናት የያዙት አሠራር ሆኗል። ልዩነቱ የት እንደሆነ ግን ገብቶ ያየ ሰው ያውቀዋል። ያኔ የቤት ህብረቱ ቤተ ክርስቲያኑ ነበር። አሁን በብዙ ቦታ የአዳራሹ ተጨማሪ ነው፤ እሁድ የሄደ ሰው ረቡዕን ቢቀር እንደቀረ አይቆጠርም። ወጣቱ ደግሞ የቤት ህብረትን የእናቶች ነገር አድርጎ ነው የሚያየው። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ያንን ህብረት የሠሩት በእሱ ዕድሜ የነበሩ ልጆች ናቸው፣ ከእነዚያ እናቶች ብዙዎቹም ያኔ ሃያ ዓመት ያልሞላቸው ሴት ልጆች ነበሩ። ሄዶ ቢጠይቃቸው ይነግሩታል።

በውጭ አገር ባሉት የሐበሻ አብያተ ክርስቲያናት ነገሩ ሌላ መልክ አለው። እዚያ የተወለደው ልጅ ወላጆቹ የሚዘምሩትን አማርኛ በግማሽ ነው የሚሰማው። ስለዚህ ለብቻው የእንግሊዝኛ አምልኮ ይከፈትለታል፣ ጊታርና ስክሪን ይሰጠዋል። ይሄ ጥሩ ነው፣ ያስፈልጋልም። ግን ወላጆቹ ምን እንደከፈሉ፣ በሹክሹክታ ለምን እንደዘመሩ፣ «ወንድሜ» ሲሉ ለምን ድምፃቸው እንደሚሰበር አይነገረውም። ዲሲ ወይም ዳላስ ቁጭ ብላ የምታረጅ፣ በ1976 ዓ.ም ናዝሬት ላይ የቤት ቡድን የመራች እናት እዚያው አዳራሽ ውስጥ ልትኖር ትችላለች፤ ልጆቹ የሚያውቋት የእሁድ ሻይ የምታፈላ ሴት አድርገው ነው። የወጣቶች መሪ ብሆን በመጀመሪያው ወር የማደርገው አንድ ነገር አለ። ስድስት ልጆች ይዤ ቤቷ እሄዳለሁ፣ የሚተረጉም ሰው አስከትዬ። ታውራላቸው። ከዚያ እነዚያ ስድስቱ በሚቀጥለው ሳምንት እዚያው ቤት እንዲመለሱ አደርጋለሁ፣ በሚቀጥለውም፣ እያንዳንዱም ተራ ይዞ የሚመጣበት ነገር ይኖረዋል፣ አንዱ ከቀረ ደግሞ የቀሩት አምስቱ ማታውኑ ቤቱ ይሄዳሉ።